ደብቄ ልስጣት?

የዛሬዋ ጠያቂ የጻፈችልኝ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ደብዳቤዋ አራት ገጽ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር አውጥቼ፣ አሳጥሬ እነሆ።

«እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። 36 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። እናቴ የጡት ካንሰር ይዟት ወደ አጥንቷ ገብቷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ዋናው ነገር ሕመሟን ማስታገስ ነው ብሎ የሞርፊን ሽሮፕ አዘዘላት። እምቢ አለች። ‹ጌታዬ መስቀል ላይ የሚያደነዝዝ ሲያቀርቡለት አልጠጣም፤ እኔ ማን ነኝና ነው?› ትለኛለች። ሑዳዴን እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ሕማማት ሲገባ ደግሞ ውሃም አልቀምስም ብላለች። ሌሊት ሌሊት ስታቃስት እሰማታለሁ። ዳዊቷን መያዝ እንኳ አቅቷታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹አንቺ የተመረጥሽ ነሽ፣ መስቀልሽን ተሸከሚ› ይለኛል። ጅዳ ያለችው እኅቴ ብር ትልካለች። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ ረመዳን ይዘው እንኳ ‹እኔ ልቀመጥላት፣ አንቺ ትንሽ ተኚ› ይሉኛል። ‹እኛስ ለታመመ ተፈቅዶ የለ እንዴ፣ ለእናንተ አልተፈቀደም?› ብለውም ጠይቀዋታል። እኔ ግን ላስቸግራቸው አፍራለሁ። አንዳንዴ ምነው ቶሎ በወሰዳት እላለሁ፤ ከዚያ ራሴን እጠላለሁ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሲመጣብን እሷና እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ ታናሽ ወንድሜ ቤት ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ስንመለስ ቀብረውት አገኘን። ሲሞት ውሃ ያቀበለው የለም እያለች ታለቅሳለች። ሽሮፑን አጥሚት ውስጥ ደብቄ ብሰጣት ኃጢአት ይሆንብኛል? መከራዋ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ከሆነስ እኔ ማን ነኝ የምከለክላት?»

እኅቴ፣ ከደብቄ ልስጣት ልጀምር። አጭር መልስ ያለው እሱ ብቻ ነው። አትደብቂ።

እኔ ደብቄ ስለማውቅ ነው። እናቴ እዚህ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ሆና ታማ ነበር። የግፊት ኪኒን አልውጥም አለች። ለምኜ ለምኜ ሲሰለቸኝ ፈጭቼ ሽሮ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ያልደቀቀች ፍንካች ጥርሷ ሥር ገባች። አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። በጣቷ እያገላበጠች አየቻት። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ጎረቤት የምታመጣላትን ነው የምትበላው። እኔ ያቀረብኩላትን እንጀራ ገለጥ ታደርግና ሥር ሥሩን ታየዋለች። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የታመመ ሰው ብዙ ነገር ይወሰድበታል። መራመዱ ይሄዳል፣ ገበናው ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀረው «እሺ» እና «እምቢ» ማለት ነው። እሱን አትውሰጂባት። ደግሞም ይሄ ሞርፊን ነው። ልኩ በሚሊ ሊትር የተነገረ፣ ሐኪሙ እየጠየቃት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው መድኃኒት ነው። አጥሚቱን ግማሹን ትታው ብትተኛ ስንት እንደወሰደች በምን ታውቂያለሽ?

አሁን ወደ ጥቅሷ። እናትሽ ከራሷ የፈጠረችው ነገር የለም። ማርቆስ 15፥23 ላይ አለ፤ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን አቀረቡለት፣ አልተቀበለም። ስለዚህ «ኧረ እንደዚህ የሚል የለም» ብለሽ አትከራከሪያት። ትረታሻለች። ዳዊት ደጋሚ እናት ናት።

ግን ታሪኩ እዚያ ቁጥር ላይ አይጀምርም፣ እዚያም አያልቅም። ዋዜማውን ሌሊት ጌቴሴማኒ ላይ ጌታ ራሱ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ጸልዮአል። ያውም ተመላልሶ። ሕመም በራሱ ደግ ነገር ቢሆን ማን ይለፍልኝ ብሎ ይለምናል? መስቀሉ ላይ ሆኖ ደግሞ «ተጠማሁ» አለ። ሆምጣጤ የሞላበት ሰፍነግ ወደ አፉ አቀረቡለት፣ ተቀበለ። ይሄ ዮሐንስ 19 ላይ ነው። እናትሽ የመጀመሪያውን መጠጥ ይዛ ሁለተኛውን ዘልላዋለች። በሕማማት ውሃ አልቀምስም ለምትል እናት ይሄ ሁለተኛው ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኔ ዓለም የምንለው እሱ ራሱ ጠማኝ ብሏል።

መሥዋዕት የሚለውን ቃል እኛ ሰፈር ውስጥ አበላሽተነዋል ብዬ አምናለሁ። ያመመ ነገር ሁሉ መሥዋዕት እየተባለ ነው። ክፉ ባል መሥዋዕት ነው፣ ያልታከመ ቁስል መሥዋዕት ነው። ወንጌሉ ላይ ግን መጀመሪያ ያለው መስጠት ነው። «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ይላል፣ ስለ ነፍሱ ሲናገር። ለሰው ብሎ ሰጠ፤ መስጠቱ ሕመም አመጣበት። ሕመሙን ብሎ አልሄደም። እንዲያውም ቀኑ ሳይደርስ የናዝሬት ሰዎች አፋፍ ላይ ወስደው ሊገፈትሩት ሲሉ በመካከላቸው አልፎ ሄዷል። (አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ የደሴ ሰው ይሄ ታሪክ ቶሎ ይገባዋል።)

የዕብራውያን መልእክት ያ መሥዋዕት አንድ ጊዜ ፈጽሞ ቀረበ ይላል። ቄሱ ቅዳሴ ላይ የሚያቀርበውም የክርስቶስን ሥጋና ደም ነው እንጂ የማንንም በሽተኛ ሲቃ አይደለም። አዋቂ አንባቢ እዚህ ጋ ቆላስይስ 1፥24ን ያነሣብኛል፤ ጳውሎስ የክርስቶስን መከራ የጎደለውን በሥጋዬ እፈጽማለሁ ብሎ የለም ወይ ብሎ። ብሏል። ጳውሎስ ግን የሚያወራው ወንጌል በመስበኩ ስለመጣበት እስርና ድብደባ ነው። የራሱን የሥጋ መውጊያ በተመለከተ ያደረገውን ደግሞ እናውቃለን። እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተወሰደለትም፣ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ይሄም አለ፣ አልደብቅሽም። ለምኖ፣ ታክሞ፣ የሰው አቅም አልቆ የሚቀር ሕመም አለ። እሱን ከእግዚአብሔር ጋር ሆኖ መሸከም ትልቅ ነገር ነው። የእናትሽ ግን ገና መስኮቱ ላይ ያልተከፈተ ጠርሙስ አለው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም ታነሣብሽ ይሆናል። ከእኛው ከሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ የተማሩ አባት ናቸው። ገድላቸው እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው ጸለዩ ይላል። የቆሙት ለጸሎት ነው። እናትሽን ደግሞ ሕመሙ ጸሎቱን አስጥሏታል። ዳዊቷን መያዝ አቅቷታል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን «እማ፣ ሽሮፑን ውሰጂና ዳዊትሽን ድገሚ» ነበር የምላት። በመጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው ይላል። ሲራክ ከሰማንያ አሐዱ የቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ባዕድ አላመጣሁም።

ስለ መድኃኒቱ ሁለት ነገር። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሰው ስለሚፈራው ነው። ሞርፊን ለካንሰር ሕመም በሐኪም ልክ ሲሰጥ ሰው እንደሚያወራው ሱሰኛ አያደርግም፣ ሞትም አያፈጥንም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ሆድ ያደርቃል፤ የሚያለሰልስ አብሮ እንዲታዘዝላት ጠይቂ። ሽሮፑ ሕመሙ እስኪጠና ተጠብቆ የሚሰጥ ሳይሆን በሰዓቱ የሚወሰድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት ከሚቆይ ጾም ጋር አይሄድም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በታመመ ሰው ላይ ጾም አትጭንም፤ ፍትሐ ነገሥቱም ይህንኑ ይላል። ጎረቤታችሁ የጠየቁት ጥያቄ ልክ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ክርስቲያኗን ስለ ጾሟ ሲመክር መስማት ለእኔ ደስ ይለኛል።

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ግን እናትሽን ላያሳምን ይችላል። ክርክሩን ብታሸንፊም ጠርሙሱ እንደታሸገ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ።

«ሲሞት ውሃ ያቀበለው የለም።»

ይህቺን አራተኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ሽሮፑ ከመጠየቅሽ በፊት፣ እንደዋዛ ነው ጣል ያደረግሻት። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩ። ልጇ ውሃ ሳያገኝ ሞተ፤ እሷ ውሃ አልቀምስም ትላለች። ልጇ ሲያቃስት ያስታገሰለት የለም፤ እሷ ማስታገሻ አልፈልግም ትላለች። እናትሽ የጌታን ሕማም ስታነሣ የልጇንም እያነሣች ይመስለኛል። እሱ እንደዚያ ሆኖ እኔ በምን አንጀቴ ይቅለለኝ ነው ነገሩ። እሷ ሸሽታ ተርፋለች። ዕዳ አለብኝ ብላለች። በአጥንቷ እየከፈለች ነው።

ልሳሳት እችላለሁ። አንቺ ታውቂያታለሽ። ግን እንደዚያ ከሆነ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ አንድ ቦታ አለ። ሄሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት ሲያስፈጅ ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፣ «መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና» ይላል። መጽናናት አልወደደችም። ወንጌሉ ይህቺን እናት አይቆጣትም። እምነትሽ ጎደለ አይላትም። እንዳለቀሰች ይተዋታል። አንቺም ተያት፣ ታልቅስ።

ያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ሌላ እናት አለች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሸሽታለች። ዮሴፍ በሕልም «ተነሣና ሽሽ» ሲባል «መከራው መስቀላችን ነው፣ እዚሁ እንቀበለው» አላለም። በሌሊት ተነሥቶ ወጣ። ያንን ስደት ነው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን እየጾምን የምናስበው። እናንተ በ2014 ጥቅምት ስትወጡ ጽጌ ነበር። ቅዳሴው፣ ማኅሌቱ ሁሉ ስለ ስደቷ በሚዘምርበት ወር ነው እናትሽ ደሴን ለቃ የሄደችው። መሸሿን እንደ ክህደት የምትቆጥረው ከሆነ ይህን አንሺላት። እሷ የእመቤታችን ወዳጅ ሳትሆን አትቀርም፤ ከእኔ ይልቅ ይገባታል።

«በኃጢአቴ ነው» ካለችሽም አትደንግጪ። ወሎ ላይ ይህን ያላለ ሰው የለም። በ66ቱ ረሃብ ተብሏል፣ በ77ቱም ተብሏል። እኔ በ77 ልጅ ነበርኩ፤ አዋቂዎቹ «ቁጣ ነው» ሲሉ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ቄስ ተነሥተው ሰሊሆም ላይ ግንብ ስለወደቀባቸው 18 ሰዎች ነገሩን። ጌታ እነዚያ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ ራሱ መለሰ፤ ሉቃስ 13። ሽማግሌው ሌላ አልጨመሩም። ማሽላ ሊያስፈጩ ሄዱ። ያገኙትን ማሽላ አስፈጭተው ለመንገደኛ ገንፎ ያሠሩ ነበር።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ወንድምሽ ፍትሐት አንድም ቃል የለም። በዚያ ሰሞን ጎረቤት አፈር አልብሶት፣ በቅጡ ሳይፈታ ቀርቶ ይሆናል። ተዝካሩስ ወጥቷል? ካልሆነ ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው የምታደርገው ነገር አላት። ጸሎት አላት፣ ዕጣን አላት፣ ለነዳያን የሚቆረስ ዳቦ አላት። እናትሽ ይህ ሁሉ እያለ በሥጋዋ ነው ተዝካር እያወጣች ያለችው። ድግስ አትደግሱ፤ ከእኅትሽ ብር ላይ ትንሽ ቀንሰሽ ዳቦና ጠላ፣ ወይም ንፍሮ፣ ደጀ ሰላም ይዘሽ ብትሄጂ ይበቃል። ውሃም ይጨመርበት። በስሙ ለተጠማ ውሃ ይሰጥ። እሷ ራሷ አልጋዋ ላይ ሆና ብርጭቆውን አንሥታ ለአንድ ሰው ትስጥ።

ለዚህም ለሽሮፑም የንስሐ አባቷን ጥሪ። አንቺ ብትነግሪያት ልጅ ነሽ፣ እሳቸው ሲሉ ግን ሌላ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ሁሉንም ነገር፣ የልጁንም ጉዳይ ጭምር ንገሪያቸው፤ ባዶ እጃቸውን አይምጡ። ሽሮፑን ይባርኩላት። ጾሙን ይፍቱላት። የሕማማቱን ስግደት በምን እንደምትተካው ይንገሯት፤ በአልጋዋ ላይ ኪርያላይሶን ማለት ይበቃት ይሆናል። ያኔም እምቢ ካለች እምቢታዋ ይከበር፤ ነገም ከነገ ወዲያም ደግመሽ ጠይቂያት። ሰው ሐሳቡን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀይራል። ጠርሙሱና መስፈሪያው በእጅሽ ቅርብ ይሁን።

አንቺስ? ስለ ራስሽ የጻፍሽው ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ ያውም እየተሳቀቅሽ። «ቶሎ በወሰዳት» ማለትሽ ድካም ነው። አስታማሚ ሆኖ ይህ በአእምሮው ያላለፈ ሰው ካለ አላየሁትም፤ እኔም ብያለሁ። ኤልያስ ነቢዩ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ነበር። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አጠገቡ አድርጎ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላና ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ በላ።

ወንድምሽ መስቀልሽን ተሸከሚ ሲልሽ፣ ያንኑ መስቀል የቀሬናው ስምዖን ማገዙን አስታውሺው። የጌታ መስቀል እንኳ ተጋዥ ነበረው። ስምዖንም ከገጠር ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ፣ ተገዶ ነው። ወንድምሽም ይገደድ! «አግዘኝ» አትበይው፤ «እሺ» ብሎ ይዘጋዋል። ቀን ቁረጪ። «ከሆሳዕና ዋዜማ እስከ ትንሣኤ ማግስት አንተ ነህ የምታስታምማት፣ ትኬትህን ቁረጥ» በይው። እኅትሽ ብሩን ትላክ፣ ቢያንስ እሷ የምትችለውን ታደርጋለች።

ጎረቤታችሁን ደግሞ ነገ እሺ በያቸው። ማፈርሽ ይገባኛል፤ ግን ሴትዮዋ እየጾሙ ልቀመጥላት ሲሉ አንድ ነገር መስጠት ፈልገው ነው፣ አትከልክያቸው። ሁለት ሰዓት ተኚ። ስትነሺ ለማፍጠሪያቸው ቴምር ወይም ሾርባ ይዘሽ ሂጂ። አብሽሪ ይሉሻል፣ አውቃቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ቄሱ ለፍትሐቱ የወንድምሽን የክርስትና ስም ይጠይቁሻል። ቤት የምንጠራው ስም አይሆንም። አንቺ ላታስታውሺው ትችያለሽ። እሷ ግን ታውቀዋለች። ዛሬ ማታ፣ ሬዲዮውም ሲዘጋ፣ አጠገቧ ቁጭ በይና «እማ፣ የእሱ ክርስትና ስም ማን ነበር?» በያት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ግቢ።